በእንግሊዝኛ ተምሮ በጃፓንኛ መቀጠር

ወደ ጃፓን በነጻ ትምህርት ዕድል ለመምጣት የምትዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፤ «ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ጃፓንኛ ምን ያደርግልኛል?» ለትምህርቱ ምንም ላያደርግላችሁ ይችላል። ለሥራ ግን ያለ እሱ ብዙ በር አይከፈትም።

እኔ የመጣሁት ኤቢኢ ኢኒሼቲቭ በሚባለው ፕሮግራም ነው። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ዮኮሃማ ላይ በተካሄደው አምስተኛው ቲካድ በሚባለው የአፍሪካ ልማት ጉባኤ ይፋ ያደረገው፣ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት (ጃይካ) የሚያስተዳድረው፣ የአፍሪካ ወጣቶችን ማስተርስ አስተምሮ በጃፓን ኩባንያዎች ውስጥ የተግባር ልምምድ የሚያሠራ ዕድል ነው። ክፍል ውስጥ መምህሩ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ የመመረቂያ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ማታ አብረን የምናበስለው ከጋናና ከሞዛምቢክ ልጆች ጋር ነው። ጃፓን ውስጥ እየኖሩ ያለ ጃፓንኛ ሳምንቱን መጨረስ ይቻላል። ነገሩ የሚገለጠው ልምምዱ ሲጀመር ነው፤ ስብሰባው፣ ኢሜይሉ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማሳሰቢያ ሳይቀር በጃፓንኛ ነው። የሥራ ማስታወቂያዎቹ ደግሞ «የቢዝነስ ደረጃ ጃፓንኛ» ይላሉ። ከኤን5 እስከ ኤን1 ባለ አምስት ደረጃው የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ሲለካ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኤን2 ወይም ከሁሉም የሚከብደው ኤን1 ማለታቸው ነው። ብዙ ኩባንያዎች ከቃለ መጠይቁ በፊት ኤስፒአይ የሚባል በሰዓት የተገደበ ፈተናም ይሰጣሉ። ሒሳቡ ለኛ ልጆች ቀላል ነው፤ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርሱ ሰዓት ማለቁ ነው ችግሩ።

አሁን የምሠራው ጥሬ ቡና በሚያስመጣ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። ጃፓኖች የሐረርን፣ የሲዳማን፣ የይርጋ ጨፌን ቡና «ሞካ» እያሉ ከጥንት ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት ተገኝቶ ገበያው ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ያንን ጊዜ የሚያስታውሱ፣ ቡናውን ቆልተው የሚሸጡ ደንበኞቻችን እስከ ዛሬ ጥያቄያቸው ብዙ ነው። ጆንያው አዲስ ነው ወይስ ሌላ ነገር ተይዞበት ነበር? መጋዘን ውስጥ ከቡናው አጠገብ ምን ተቀምጧል? ጭነቱ ከናሙናው ጋር ለምን በቀለም ተለየ? አዲስ አበባ ያለው ላኪ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ጽፎ ይልካል። ያ አይበቃም። ደንበኛው ምክንያቱን፣ አሁን ምን እንደተደረገና ዳግም እንዳይደርስ ምን እንደታሰበ በቅደም ተከተል ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ላኪው ጋ ደውዬ በአማርኛ ከሥሩ እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ የሰማሁትን በጃፓንኛ እጽፋለሁ። ደመወዜ የሚከፈለኝ በዋናነት ለዚህ ነው። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው በየቢሮው አለ፤ የሁለቱን ወገን ጭንቀት በየራሳቸው ቋንቋ የሚሰማ ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ስልክ ነው። ሰው የሚፈራው ካንጂ የሚባሉትን ከቻይና የመጡ የጽሑፍ ምልክቶች ነው፤ እውነት ነው፣ መንግሥት ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ የዘረዘራቸው ብቻ 2136 ናቸው። ካንጂ ግን ቁጭ ብሎ ይጠናል፣ ስልክ ፋታ አይሰጥም። አክብሮትን ከግሱ ጋር አያይዞ መናገር ከልጅነታችን የለመድነው ስለሆነ፣ ኬጎ የሚባለው የአክብሮት አነጋገር ሐሳቡ ለኛ እንግዳ አይደለም። የሚያደናቅፈን ለማን እንደሚሰጥ ነው። ደንበኛ ደውሎ ሥራ አስኪያጃችንን ሲጠይቅ፣ ስለ እሳቸው ዝቅ ባለ ግስ፣ ስማቸውን «ሳን» ከሚለው የአክብሮት ቅጥያ ውጭ ጠርቼ ነው የምመልሰው። በውጭ ሰው ፊት የራስ ወገን ዝቅ ይላል፣ ደንበኛው ከፍ ይላል። «ጋሼ የሉም» ማለት የለመደ አንደበት በዕድሜ አባት የሚሆኑትን አለቃ በባዶ ስማቸው ሲጠራ ይሸማቀቃል። ስልኩን እንደዘጋሁ ደግሞ ዞሬ እኚያኑ ሰው በሙሉ አክብሮት አናግራቸዋለሁ። ሕጉን መጽሐፍ ያስረዳል፣ ምላስ የሚለምደው ግን በመናገር ብቻ ነው።

የጃፓንኛ ችሎታ ፈተናው ደግሞ የንግግር ክፍል የለውም። ኤን2 ይዘው ስልክ ሲጮህ የሚደነግጡ የማውቃቸው ልጆች አሉ፤ ጎበዞች ናቸው፣ የጎደላቸው ልምምድ ነው። ከፈተናው ዝግጅት ጎን በየከተማው በጎ ፈቃደኞች የሚያስተምሩባቸውን የጃፓንኛ ክፍሎች አትተዉ። ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ቢሮ ውስጥ ስለኖሩበት የሥራ አነጋገር ብትጠይቋቸው በደስታ ያስረዳሉ።

የምስክር ወረቀቱም ቢሆን ዋጋ አለው። ከፍተኛ ሙያ ላላቸው የውጭ ዜጎች በሚሰጠው ቪዛ የሚጠየቀው 70 ነጥብ ነው፤ ኤን1 ለብቻው 15፣ ኤን2 ደግሞ 10 ያስገኛል። በ70 ነጥብ ሦስት ዓመት የኖረ፣ በ80 ነጥብ አንድ ዓመት የኖረ ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ይችላል።

ከመምጣታችሁ በፊት ምን ላጥና ለምትሉ፦ ሂራጋናና ካታካና የሚባሉትን ሁለቱን የጃፓንኛ ፊደላት አገር ቤት ሆናችሁ ጨርሱ። መሠረታዊዎቹ 46፣ 46 ናቸው፤ እንደ ፊደላችን አንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ ቶሎ ይገባችኋል። ዓረፍተ ነገሩም እንደኛው ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ኤን5ን አንብቡ። እዚህ ስትደርሱ የመጀመሪያው መንፈቅ ሳያልቅ ኤን4ን ከተሻገራችሁ፣ ልምምዱ ሲመጣ ስብሰባ ላይ የሚባለውን መከታተል ትጀምራላችሁ።