ሁለት ምላጭ፣ አንድ ሲዲ እና ቀይዋ መስመር

«ኤሌክትሮን ሞገድም ቅንጣትም ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ጉዳዩ የገባኝ ግን ከዓመታት በኋላ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አንዲት ቀይ መስመር ካየሁ ወዲህ ነው።

ብርሃንን በየቀለሙ የሚለያይ መሣሪያዬን የሠራሁት ከካርቶን ሳጥን ነው። በአንዱ ጫፍ ሁለት ምላጮች ስለት ለስለት አቀራርቤ ስንጥቅ አበጀሁ፤ በሌላው ጫፍ የሲዲ ቁራጭ አጋድሜ ለጠፍሁ። በሲዲ ላይ ያሉት ጭረቶች በ1.6 ማይክሮሜትር ልዩነት ስለተደረደሩ ብርሃንን በየቀለሙ ይበትናሉ። መጀመሪያ ስንጥቁን አስፍቼው የተድበሰበሰ ቀለም ብቻ ታየኝ። ወረቀት በጭንቅ እስኪያልፍበት ድረስ ሳጠበው በሃይድሮጅን ጋዝ የተሞላው መብራት ሦስት ጥርት ያሉ መስመሮች ሰጠኝ፦ ቀይ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ። የገረመኝ በመካከላቸው ያለው ጨለማ ነው። ብርሃኑ የሚወጣው በሃይድሮጅን አቶም ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን ኃይል ሲለቅ ነው፤ ኤሌክትሮኑ ያሻውን ያህል ኃይል መያዝ ቢችል ኖሮ ቀለሞቹ ሳይቆራረጡ በተያያዙ ነበር።

እርሳስ አነሣሁ። የፊዚክስ ሊቁ ኒልስ ቦር በ1913 ባወጣው ቀመር መሠረት ኤሌክትሮንን ከአንድ እርከን፣ ማለትም ሊይዝ ከሚችላቸው የኃይል ደረጃዎች ከአንዱ፣ ነቅሎ ከአቶሙ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ ያለ ኃይል የሚለካበት መስፈሪያ) ለእርከኑ ቁጥር ካሬ ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ሲወርድ 1.89 ኤሌክትሮን ቮልት ይለቃል፤ በሞገድ ርዝመት 656 ናኖሜትር፣ ያቺው ቀይ መስመር።

ለምን እነዚህ እርከኖች ብቻ? ሉዊ ደ ብሮይ በ1924 ኤሌክትሮንም የሞገድ ርዝመት አለው ብሎ ነበርና 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት የእንቅስቃሴ ኃይል ላለው አሰላሁት፦ 0.332 ናኖሜትር። የቦርን የመጀመሪያ ምሕዋር ሬዲየስ፣ 0.0529 ናኖሜትርን፣ በሁለት ፓይ ሳባዛውም 0.332! ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ሞገዱ ዙሩን ሲጨርስ ከራሱ መነሻ ጋር ይገጥማል፤ የማይገጥመው ራሱን ያጠፋል።

የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ስለገጠመ ሥዕሉንም አመንሁና ኤሌክትሮኑን እየተጥመለመለ የሚዞር ኳስ አድርጌ ያዝሁት። ያቃናኝ የዴቪሰንና የገርመር የ1927 ሙከራ ነው። በ54 ቮልት የተገፉ ኤሌክትሮኖች ከኒኬል ክሪስታል ነጥረው በ50 ዲግሪ አካባቢ ጎልተው በዙ፤ ከአንድ አቶም ብቻ የሚነጥር ኳስ እንዲህ ያለ ምርጫ ሊያሳይ አይችልም፣ ከብዙ አቶሞች በአንድ ጊዜ የተመለሰ ሞገድ ግን ያሳያል። በአቶምም ውስጥ ሞገዱ በሦስቱም አቅጣጫ የተዘረጋ ነው፤ በዝቅተኛው እርከን ደግሞ ኒውክለሱን (የአቶሙን እምብርት) መዞር የሚባል ነገር ጭራሽ የለም።

በደብተሬ የሣልሁትን ክብ አጥፍቼ በእርሳስ ጥላ ተክቼዋለሁ፤ መካከሉ የጠቆረ፣ ወደ ዳር እየሳሳ የሚሄድ።