ሳንቺን ላይ ያለሁበት፦ ትከሻ ወርዷል፣ ዳሌ ገና ነው

ሰላም የጎጁ ሪዩ ካራቴ ልጆች፣ ሰሞኑን ሳንቺን የሚባለው ካታ (ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የብቻ እንቅስቃሴ) ላይ ተቸንክሬ ስለከረምኩ ያለሁበትን ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

አቋቋሙን ታውቁታላችሁ፣ የፊተኛው እግር ተረከዝ ከኋለኛው አውራ ጣት ጋር መስመር ይገጥማል፣ ጣቶች ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ጉልበት ላላ፣ ዳሌ ከስር ገባ፣ ክርን ከጎን አጥንት አንድ ቡጢ ያህል ራቅ። በአፍ ሲሉት ቀላል ነው። ሰውነት ሳታዝዘው እንዲይዘው ማድረጉ ላይ ነው ጣጣው፣ ስለ ክርን ስታስብ ጉልበት ያመልጥሃል፣ ጉልበትን ስትይዝ ደግሞ ትከሻህ ጆሮህ ስር ደርሶ ታገኘዋለህ።

ለኔ ነገሩ የገባኝ ሰው ሲገፋኝ ነው። አሰልጣኛችን ጥንድ ጥንድ ያደርገንና አንዱ ሳንቺን ይቆማል፣ ሌላው የተዘረጋውን ቡጢ በመዳፉ ይገፋል፣ በድንገት ሳይሆን ቀስ እያለ እየጨመረ። ትከሻ ከፍ ካለ ግፊቱ እዛው ይቀርና ደረት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የፊት እግር ጣቶች ከመሬት ይነሳሉ፣ አለቀ። ትከሻ ወርዶ ከብብት ስር ያለው ጡንቻ ሲይዝ ግን ግፊቱ በክርን አልፎ በጎን ወርዶ በዳሌ በኩል የኋለኛው እግር ላይ ሲያርፍ ይሰማሃል፣ ክንድህ ብዙም ሳይለፋ። የሚገፋኝ ልጅ በኪሎ በጣም ይበልጠኛል፣ አሁን ግን ላቡ የሚንጠባጠበው እሱ ነው 😄

ሁሉንም ጡንቻ ግትር ማድረግ ሳንቺን የሚመስላቸው አሉ። ትንፋሽ አፍኖ መወጠር የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ግፊት ያለበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። የጎጁ ሪዩ መሥራች ቾጁን ሚያጊ ራሱ ከመምህሩ ከካንርዮ ሂጋኦና የተማረውን ሳንቺን ይዞ አልቀረም፣ መዞር የሌለበት አጭር አሠራር አወጣለት፣ እጅ በክብ የሚፈስበትን ቴንሾ የሚባል ካታም ጨመረ። እኔም አንዱን ከሠራሁ ወዲያው ሌላውን አስከትላለሁ፣ ቴንሾ ላይ ትከሻ ውጥረት ይዞ ከመጣ ወዲያው ያስታውቃል።

ከዶጆ (ከማሰልጠኛው) ውጪ በጣም የጠቀመኝ አንበሳ አውቶብስ ነው፣ የምሬን ነው። ቆሜ ስሄድ ብረቱን በጣቴ ጫፍ ብቻ ነክቼ ጉልበቴን ላላ ዳሌዬን ገባ አደርጋለሁ፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ እግር ካልወረደ አጠገቤ ያሉት እናት ላይ ነው የማርፈው፣ ስለዚህ ሰውነት ሳይወድ በግዱ ይማራል። እዛ ላይ ስለ ክርን የሚያስብ የለም እኮ፣ ለማሰብ ጊዜም የለም።

ኩሚቴ (ከሰው ጋር ፍልሚያ) ላይ ግን ገና ነኝ። መጀመሪያ አካባቢ ደህና ይዤ እገባለሁ፣ አንድ ጥሩ ቡጢ ከቀመስኩ በኋላ ትከሻ ተመልሶ ይሰቀላል። የቦክስ ከረጢት ላይ ለውጡ ይታያል፣ አንጓዬን ማመሙ ቀርቷል፣ ምቱም ጠለቅ ብሎ ይገባል።

አሁን የያዘኝ መራመዱ ነው። እግር ግማሽ ክብ ሠርቶ ወደ ፊት ሲያልፍ ዳሌዬ ወደ ጎን ይወጣና ያን ሰዓት በትንሹ ብትነካኝ እሄዳለሁ፣ ቆሜ ያገኘሁት ሁሉ እዛች ላይ ይፈርሳል። ለጊዜው ጓደኛዬ ሁለቱን ዳሌ በእጁ ይዞ እያስራመደኝ ነው፣ በጣም ቀስ ብለን፣ ስልክ ደግሞ በዳሌ ቁመት አስቀምጬ እቀዳለሁ። መሸጋገሪያው ላይ የሠራላችሁ ነገር ካለ ጻፉልኝ፣ ከጎን የተቀዳ ቪዲዮ ቢሆን ይመረጣል።