ሐዋሳ ላይ “መመሪያው አይፈቅድም”

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ተነስቼ ለምሳ ደረስኩ። ስለ መንገዱ ብዙ የማወራው የለኝም፤ ዝዋይ ላይ ቁርስ፣ ሻሸመኔ ላይ የተለመደው ግርግር፣ በቃ። የሄድኩት ለሐይቁ አልነበረም። አንድ ወዳጄ “መንግሥት ሕግና ፖሊሲ እንዴት እንደሚያወጣ ውይይት አለ፣ መጥተህ ስማ” ብሎኝ ነው። መጀመሪያ ግን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደን አሳ በላን፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጠገባችን ቆመው አጥንቱን እየጠበቁ።

እውነቱን ልናገር፣ አዳራሹ ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል ብዬ ነበር። አወያዩ የሕግ ሰው ነው። “ቢሮ ሄዶ ‘መመሪያው አይፈቅድም’ ያልተባለ እጁን ያውጣ” ብሎ ጀመረ። ሳቅ ሆነ። አንድም እጅ አልወጣም።

ከዚያ ደረጃውን አስረዳን። በፌደራል ደረጃ አዋጅ የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ረቂቁ አብዛኛውን ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ይነሳል፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት በኩል ፓርላማ ይደርሳል፣ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው ባለድርሻዎችን ጠርቶ ሊያወያይ ይችላል፣ ከዚያ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙበት እንኳ ሕግ ይሆናል። ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። መመሪያ ደግሞ የየመሥሪያ ቤቱ። እኛን መስኮት ላይ የሚመልሰን ይሄ ከሁሉም ትንሹ ነው።

ለእሱም ሕግ አለው ለካ። የፌደራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይባላል። መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቆ አስተያየት መቀበል አለበት። ይህን ያህል ዓመት ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት አላውቅም ነበር፤ አፈርኩ።

ከኋላ አንድ የባጃጅ ሹፌር ተነሳ። “ታዲያ የኛ መስመር ሲቀየር ማን ጠየቀን? ወረቀት ተለጥፎ ነው ያየነው።”

አወያዩ አላድበሰበሰም። አዋጁ የፌደራል መሥሪያ ቤቶችን፣ ከከተሞች ደግሞ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው የሚይዘው፤ የክልል ቢሮ በእሱ አይገዛም አለ። አዳራሹ ቀዝቀዝ አለ። ያን ሁሉ ማብራሪያ ሰምተን፣ የልጁን ጎማ የሚያስቆመው ወረቀት ከዚያ ውጭ ሆኖ ተገኘ።

ይሄኔ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። “አፊኒ?” አሉ መጀመሪያ፤ በሲዳምኛ “ሰማችሁ ወይ?” እንደማለት ነው፣ በሽምግልና ጉባኤ ሳይሰማሙ አይወሰንም። ቀጠሉ፦ “ኅዳር 10 ቀን 2012 ክልል ትሆናላችሁ ወይ ተብለን ድምፅ ሰጠን። ለክልል የጠየቀን ለባጃጅ መስመር መጠየቅ ይከብደዋል?” ጭብጨባው ለረጅም ጊዜ አልቆመም። እኔም ከሰማሁት ሁሉ ይዤ የተመለስኩት ይህን ነው፤ የአዋጅ ቁጥሩን ማስታወሻዬ ላይ ባልጽፈው ኖሮ ረስቼው ነበር።

ስንወጣ ወደ መናኸሪያ የወሰደኝ ያው ሹፌር ነበር። “ወንድሜ፣ በዚህ በኩል አቋርጠህ አትሄድም?” አልኩት።

“አይቻልም” አለ በመስታወቱ እያየኝ፣ “መመሪያው አይፈቅድም።” ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ዙሪያውን ሄድን።