ልጆች ይዞ ታምፓ ላይ የት ይበላል?

ባለፈው ሐምሌ ለዕረፍት አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ዲቪ ደርሷት ከባለቤቷና ከሦስት ልጆቿ ጋር በአሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ወዳለችው ታምፓ ከተማ ለመጓዝ የምትሰናዳው የአክስቴ ልጅ ቸርችል ጎዳና ላይ ወዳለ አንድ ካፌ ጠራችኝ። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ትምህርት ቤት የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር፤ እርሷ ግን ማኪያቶዋን ገና ሳትቀምስ «እነዚህን ይዤ የት ነው የምበላው?» አለችኝ። እኔም የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ፍሎሪዳ ስገባ፣ ልጅ ሲያለቅስ ማንም ፊቱን የማያጠቁርበት፣ ኪስም የማይጎዳ ምግብ ቤት ለማግኘት ብዙ ስለተንገላታሁ፣ ጥያቄዋ አላሳቀኝም።

በቅድሚያ ወደ ኩባውያን ምግብ ቤት ሂዱ አልኳት። ይህን ስል ዓይኔ ያረፈው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት በቆመው የትግላችን ሐውልት ላይ ነበር፤ ለእኛ ትውልድ ኩባ ሲባል በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ከጎናችን የተሰለፈው ወታደር እንጂ ሩዝና ቦሎቄ ትዝ አይለንም። ታምፓን ከኩባ ጋር ያዛመዳት ደግሞ ሲጋር፣ ማለትም ወፍራሙ የትምባሆ ጥቅል ነው። ኢቦር ሲቲ የሚባለው ሠፈር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በሲጋር ፋብሪካዎች ዙሪያ የተቆረቆረ ሲሆን፣ ኩባውያን፣ ስፔናውያንና ከሲሲሊ የመጡ ጣሊያኖች አብረው ሠርተው፣ አብረው በልተው ኖረውበታል። የታምፓው የኩባ ሳንድዊች ከማያሚው የሚለየውም የጣሊያኖቹ ሳላሚ ስለሚገባበት ነው፤ የሁለቱ ከተማ ሰዎች ትክክለኛው የእኛ ነው እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሳንድዊቹ በአሳማ ሥጋ የተሞላ ከመሆኑም በላይ፣ የኩባ ዳቦ ራሱ በልማዱ በአሳማ ስብ ይቦካል። ጥቁር ቦሎቄውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋር ይቀቀላል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ረቡዕ ቀን፣ የጾም ነው ብዬ በልበ ሙሉነት ካዘዝኩት ቦሎቄ ውስጥ ሥጋ በሹካ አውጥቼ፣ አማቴ ፊት የምገባበት ጠፍቶኝ ነበር። ስለዚህ ሳይጠይቁ ማዘዝ አይገባም። ለልጆች የሚሻለው «አሮስ ኮን ፖዮ» የሚሉት ቢጫ ሩዝ በዶሮ ነው፤ ለአዋቂ ደግሞ «ሮፓ ቪዬሃ»፣ ትርጉሙ «አሮጌ ልብስ»፣ የበሬ ሥጋ እንደ ክር እስኪበጣጠስ ድረስ ተቀቅሎ በቲማቲምና በቃሪያ የሚሠራ ወጥ ነው። ጣፋጩን የፕላንቴን (ሙዝ መሰል ፍሬ) ጥብስ የኔ ልጆች ከዋናው ምግብ በፊት ይጨርሱታል።

አብረውን የተቀመጡት የባለቤቷ ታላቅ ወንድም፣ በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ኩባ ከተላኩት በሺዎች ከሚቆጠሩ ሕፃናት አንዱ ስለነበሩ፣ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ሰምተውኝ «ከሙኑን ረሳኸው» አሉኝ። ቦሎቄው ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርትና የቤይ ቅጠል ካልገባበት ኩባ እንደማይባል፣ እርሳቸውም እስከ አሁን እሑድ እሑድ እቤታቸው እንደሚሠሩት ካስረዱኝ በኋላ፣ የእኔን የአሥራ አንድ ዓመት ዕውቀት በአንድ ዓረፍተ ነገር ከደረጃ አወረዱት።

ስለ ጣሊያን ምግብ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም፤ ፒያሳ ያደገ ልጅ ፓስታ በስጎና ላዛኛ አዲስ አይሆንበትም። ልዩነቱ ቃሪያ አብሮ አለመቅረቡ፣ አንዱ ሳህን ደግሞ ለሁለት ልጅ የሚበቃ መሆኑ ነው። በጾም ቀን በቲማቲም ብቻ የሚሠራውን ማሪናራ ያለ አይብ ማዘዝ ይቻላል፤ የሥጋ ድቡልቡሉ ግን ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ጋር ስለሚደባለቅ፣ እዚህም መጠየቅ ያሻል።

ኢቦር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1905 የተከፈተውን ኮሎምቢያ የተባለ ምግብ ቤት እንግዳ ሲመጣ ብትሄዱበት እንጂ ለየሳምንቱ አልመክርም፤ ለዘወትሩ በዌስት ታምፓ ያሉት፣ ባንኮኒው ላይ ቆመው ቡና የሚጠጡባቸው ትንንሽ የኩባ ቤቶች ይበልጣሉ። ሜኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ ታክስን እንደማይጨምር፣ ለአስተናጋጁም ከሂሳቡ ከመቶ 18 እስከ 20 ያህል ጉርሻ መተው የተለመደ መሆኑን ስነግራት፣ የአክስቴ ልጅ በብር ማባዛት ጀመረች። የተረፈውን ማስጠቅለል ነውር እንዳልሆነ ስጨምርላት ግን ፊቷ ፈታ አለ። ከመሃል ከተማ ወደ ኢቦር የሚወስደው ባቡርም በነፃ ስለሆነ፣ ለልጆች እርሱ ብቻውን ሽርሽር ይሆናል።

ልጆቹን ለማስደሰት ብዬ፣ በኢቦር መንገዶች ላይ ባለቤት የሌላቸው ዶሮዎች ከነጫጩታቸው እንደ ልባቸው እንደሚዘዋወሩና አውራ ዶሮዎቹ ምግብ ቤት ደጃፍ ድረስ መጥተው እንደሚጮኹ ነገርኳቸው። ሁለተኛው ልጅ፣ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አጥብቆ ሲያስብ ቆየና «ማን ነው የሚያርዳቸው?» አለኝ። ማንም፣ በሕግ የተከለከለ ነው ብዬ ስነግረው፣ ወደ እናቱ ዞሮ «እንግዲያው ዶሮ ወጥ የሚሠሩት በምንድን ነው?» አላት።