ግራን ቱሪስሞ 4ን ደብረ ማርቆስ ሆኜ እንዴት እንደተጫወትሁት

የፕሌይስቴሽን 2 የመኪና ውድድር ጨዋታ የሆነው ግራን ቱሪስሞ 4 በጃፓን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 2004 ሲሆን፣ እኔ እጅ የገባው ግን ከዓመታት በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ተዘግቶ ዕቃው ሲሸጥ ነው። የዚሁን ጨዋታ ሦስተኛ ክፍል አስቀድሜ በሚገባ አውቀው ስለነበር አዲሱን የመዘንሁት ከእርሱ ጋር እያነጻጸርሁ ነው። ሦስተኛው 180 ገደማ መኪኖች ነበሩት፤ አራተኛው ከ700 በላይ አሰልፏል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ የአንድ ሞዴል ልዩ ልዩ ምርቶች ስለሆኑ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መደነቅ አይገባም። እኔን ያረካኝ፣ ዝርዝሩ እስከ ተራ የቤት መኪና ድረስ መውረዱና ተጫዋቹ ከዚያ ከታች እንዲነሣ ማድረጉ ነው።

ጨዋታው የሚጀመረው በ10,000 ክሬዲት፣ ማለትም በጨዋታው ገንዘብ፣ ነው። የሦስተኛውን ክፍል መዝገብ በሚሞሪ ካርድ የያዘ ሰው እስከ 100,000 ክሬዲትና የመጀመሪያዎቹን ሁለት መንጃ ፈቃዶች ይዞ መግባት ይችላል፤ እኔ መዝገቡ ቢኖረኝም ሆን ብዬ ተውሁት። በትንሽ ገንዘብ የጀመረ ሰው ያገለገሉ መኪኖች መሸጫውን ደጋግሞ መጎብኘቱ አይቀርም፤ በዚያ የሚቀርቡት መኪኖች ደግሞ በጨዋታው ቀናት መሄድ ስለሚቀያየሩ መጠበቅንና መምረጥን ይጠይቃሉ። ገንዘብ ሳገኝ ከገዛኋቸው አንዱ መንገዳችንን የሞላው ቪትዝ ነበር፤ ያየኝ ሁሉ ሳቀብኝ፤ ኋላ ግን ከፈጣኖቹ ይልቅ የጠቀመኝ እርሱ ሆነ።

አምስቱ መንጃ ፈቃዶች እያንዳንዳቸው 16 ፈተናዎች አሏቸው። ሁሉንም በዝቅተኛው የማለፊያ ደረጃ፣ በነሐስ፣ አልፌ ወደ ወርቁ የተመለስሁት መኪኖቹን ከለመድሁ በኋላ ሲሆን፣ ይህን ቅደም ተከተል ለማንም እመክራለሁ። ለወርቁ እንቅፋት የሆነው ጆይስቲኩ ነበር። የፕሌይስቴሽን 2 ቁልፎች የተጫኑበትን ኃይል ይለያሉ፤ በፕሌይስቴሽን ቤት ለዓመታት ኳስ ሲጫወቱበት የኖረ ጆይስቲክ ግን ይህን ችሎታውን ያጣና ነዳጁን ወይ ሙሉ ይሰጣል ወይ ጭራሽ ይከለክላል። ስለዚህ ነዳጅና ፍሬኑን ከቁልፎቹ አንሥቼ በጆይስቲኩ ላይ በአውራ ጣት ወደሚገፋው ቀኝ ዱላ አዛወርኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ፍሬንን ቀስ በቀስ መልቀቅ ቻልሁ።

የአራተኛው ክፍል ትልቁ ስጦታ ኑርቡርግሪንግ የተባለው የጀርመን የመኪና ውድድር መንገድ ነው። ሰሜናዊው ዙር ወደ 21 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት አለው፤ ከ70 በላይ መታጠፊያዎች ያሉት ሲሆን በዝቅተኛውና በከፍተኛው ቦታ መካከል 300 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው ሾፌሩ ከመታጠፊያው አስቀድሞ ማርሽ ቀንሶ መኪናውን በሞተሩ ሲይዝ አይቷል፤ ፉክስሮሬ የሚባለው ቁልቁለት ላይ የሠራልኝ ይኸው ልማድ ነው። መንገዱን የተማርሁት በቪትዝ ነበር። ፈጣን መኪና ይዘው ሲገቡ ዓይን ከቀጣዩ መታጠፊያ በቀር ሌላ አያይም፤ ቪትዝ ግን ዳገቱን፣ የአስፋልቱን ዝንባሌና ካሩሴል የተባለውን መታጠፊያ ሲሚንቶ የተነጠፈበትን ጉድጓድ ለይቶ ለማስታወስ ጊዜ ይሰጣል። አንዱን ክፍል በቃሌ እስክይዝ ድረስ ስለሚከተለው አልጨነቅም ነበር።

ውድድሮቹን ያጣፈጠልኝ ደግሞ የነጥብ አሰጣጡ ነው። ጨዋታው የተጫዋቹን መኪና ከተቃዋሚዎቹ ጋር አመዛዝኖ ለአንድ ድል እስከ 200 ነጥብ ይሰጣል፤ ብርቱ መኪና ይዞ ያሸነፈ ምንም ያህል አያገኝም። በዚህ ምክንያት ከውድድር በፊት ጉልበት የምጨምርበት ሳይሆን ጉልበት የምቀንስበት ጊዜ በዛ።

ያስቆጨኝም የተገለጠልኝ በእነዚሁ የተቀራረቡ ውድድሮች ነው። ተቃዋሚዎቹ በሐዲድ ላይ እንዳለ ባቡር ከመስመራቸው ፈቀቅ አይሉም፤ ጎናቸው መኪና መኖሩን ያላዩ ይመስል ገጭተው ያልፋሉ። መኪና ስለማይጎዳም ተጫዋቹ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ሌላውን ተደግፎ ቢታጠፍ ይጠቀማል። የሚያናድደው ሠሪዎቹ መፍትሔውን ማወቃቸው ነው፤ በራሊ ውድድሮችና በአንዳንድ ተልእኮዎች የገጨ መኪና ለአምስት ሰከንድ ፍጥነቱ ይገደብበታል፤ በመደበኛው ውድድር ግን ይህ ቅጣት የለም። እኔ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤ ሌላውን ተደግፌ ከታጠፍሁ ውድድሩን ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ጨዋታው የከበደኝና የጣመኝ ከዚያ በኋላ ነው።

በኢንተርኔት መወዳደር እንደሚቻል ከመውጣቱ በፊት ተነግሮ መቅረቱ ብዙዎችን አሳዝኗል፤ እኔን አልነካኝም፤ በዚያ ዘመን እኛ ዘንድ የትኛው ኢንተርኔት ያደርሰው ነበር? የሞተሮቹ ድምፅ ግን፣ በተለይ የትልልቆቹ፣ ከመልካቸው ጋር የማይመጣጠን ቀጭን መሆኑን ይቅር አላልሁም።

ቢ-ስፔክ የተባለው አዲሱ ክፍል አከራካሪ ነው። በዚህ ክፍል ተጫዋቹ መሪውን ለኮምፒውተሩ ሾፌር ለቆ ፍጥነቱን ከአንድ እስከ አምስት በሆነ ደረጃ ያዝዛል፤ ጊዜውንም በሦስት እጥፍ ማፍጠን ይችላል። የሃያ አራት ሰዓቱ ውድድር በዚህ ስሌት ስምንት ሰዓት ይፈጃል፤ መሐል ላይ ሴቭ ማድረግ ግን አይቻልም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስምንት ሰዓት ያልተቋረጠ መብራት የሚጠብቅ ሰው ትዕግሥቱ የሚፈተነው በጨዋታው ብቻ አይደለም። መብራት በማይዋዥቅበት ሌሊት ጀምሬ፣ ጎማና ነዳጅ ሲያስፈልግ ብቻ እየተነሣሁ ኑርቡርግሪንግን ጨረስሁ፤ መኪናም ተሸለምሁ። ነገር ግን በቪትዝ የለመድሁት መንገድ ላይ ሌላው ሲነዳ መመልከት ድል ሆኖ አልተሰማኝም። የቀሩትን የሃያ አራት ሰዓት ውድድሮች ትቻቸዋለሁ፤ ጨዋታውን መቶ በመቶ ለመጨረስ የጎደለኝ ድርሻ የእነርሱ ነው።