አያመኝም፤ ችግሩም እሱ ነው

ዳሌዬን ከተሠራሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «አሁንስ ያምሃል?» አያመኝም፣ አልሃምዱሊላህ። ይህን ስል «በል እንግዲህ ቅዳሜ እንጠብቅሃለን» ይሉኛል። ቅዳሜ ማለት ሆጤ ነው፤ እዚሁ ደሴ ያለው ሜዳ። የጤና ቡድናችን በጠዋት ተሰብስቦ ኳስ የሚራገጥበት። «አያመኝም፣ ግን አልመጣም» ስላቸው ፊታቸው ይለዋወጣል። ያኮረፍኩ የሚመስላቸውም አሉ። መንገድ ላይ ቆሞ ለማስረዳት ይረዝማል፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ የጀመረው ብሽሽት ላይ ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚያመው ብሽሽት ነው፤ ሰው ግን ዳሌ ሲባል የሚያስበው ጎኑን ነው። እኔም ጡንቻ የተሳበብኝ መስሎኝ ስታሽ ከረምኩ። አጎቴ ወጌሻ ዘንድ ወሰደኝ። ሰውየው ቅቤ ቀብቶ አሸኝና «ሥር ዞሮ ነው» አለ። እጁ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም፤ ለሁለት ቀን ቀለል ይለኛል፣ ከዚያ ያው ነው። እየቆየ ካልሲ ማጥለቅ አቃተኝ። የቀኝ ጫማዬን ክር ባለቤቴ ማሰር ጀመረች። ራጅ ሲነሳ ነገሩ ግልጽ ሆነ። በጭን አጥንቱ ራስና በማቀፊያው መሃል መኖር ያለበት ክፍተት የለም። ልም አጥንቱ አልቆ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋጫል።

ያየኝ ሐኪም «ገና ነህ፣ 60 እስኪሞላህ ታገስ» አለኝ። ምክንያት አለው። ሰው ሠራሽ ዳሌ ያረጃል፤ በጊዜ የገባለት ሰው ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ግን 60 እስኪሞላኝ ደረጃ በጎኔ ልውጣ? ደሴ ላይ?

እኔ የተሠራሁት ሙሉ ቅየራ አይደለም። በሙሉ ቅየራ የጭን አጥንቱ ራስ ከአንገቱ ተቆርጦ ይወጣል፤ በቦታውም ግንዱ አጥንቱ ውስጥ የሚሰካ አዲስ ኳስ ይገባል። በእኔ ራሱ አልተቆረጠም። ዙሪያው ተሞርዶ በላዩ የብረት ቆብ ተደፋበት፤ ማቀፊያውም የብረት ገበር ገባለት። የጥርስ ሐኪም የተቦረቦረ ጥርስ ሳይነቅል ሞርዶ እንደሚያለብሰው ማለት ነው። ብረቱ የኮባልትና የክሮሚየም ቅይጥ ነው። ዛሬ የሚሠራበትን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1997 በርሚንግሃም፣ እንግሊዝ ውስጥ ዴሬክ ማክሚን የሚባል ሐኪም ከባልደረባው ጋር ጀመረው። ኳሱ የተፈጥሮውን ያህል ትልቅ ስለሆነ በቀላሉ አይወልቅም። አጥንቱም ስላልተቆረጠ፣ ወደፊት ቢያስፈልግ ሙሉ ቅየራ የሚሠራበት ቦታ አለ። ስፖርተኞች የሚወዱት ለዚህ ነው።

ለሁሉም ሰው ግን አይደለም። ብረት ከብረት ሲፋተግ ጥቃቅን ብናኝ ወደ አካባቢው ሥጋና ወደ ደም ይገባል። በዚህ ጣጣ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ታዋቂ ሞዴል ከዓለም ገበያ ተሰብስቧል። ለሴቶችና የአጥንታቸው ራስ ትንሽ ለሆነ ሰዎች ውጤቱ ደካማ ሆኖ ስለተገኘ፣ ብዙ ሐኪሞች ለእነሱ ሙሉ ቅየራን ይመርጣሉ። ጎረቤታችን እትዬ «እኔንም እዛው ላከኝ» ሲሉኝ ይህን ነው የነገርኳቸው። «ብረቱም ወንድ ይመርጣል?» ብለው ሳቁብኝ።

የተሠራሁት ሕንድ፣ ቼናይ ከተማ ነው፤ ስለ እሷ ብዙ የምለው የለም። ሙቀት ነው። በማግስቱ በክራንች አቆሙኝ፤ ሳይውል ሳያድር ደረጃ አስወጡኝ። ስመለስ ደም እንዳይረጋ እስከ ጭን የሚደርስ ጥብቅ ካልሲ አድርጌ በረርኩ። አዲስ አበባ ላይ መፈተሻው ጮኸ። እንደገና አሳለፉኝ፣ እንደገና ጮኸ። ፈታሹ ልጅ ወረቀቴን አንብቦ «ጋሼ፣ ሮቦት ሆኑ እኮ» አለኝ። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ እናቴ ከብረቱ ይልቅ ካልሲው ነበር ያስደነገጣት።

ዋናው ፈተና ቤት ስገባ መጣ። የሐኪሙ ሕግ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ጉልበትህ ከዳሌህ በላይ አይውጣ፣ ከ90 ዲግሪ በላይ አትታጠፍ፣ እግርህን አታነባብር፣ ስትተኛ መሃሉ ትራስ አድርግ። ይህን የጻፈው ሰው ወሎ ቤት ገብቶ አያውቅም። እኛ ዘንድ ኑሮ መሬት ላይ ነው። ቡና በበርጩማ ነው። እንግዳ ፍራሽ ላይ ነው። መጸዳጃው ቁጢጥ ብለህ ነው። ባጃጅ ውስጥ ራስህ ታጥፈህ ነው የምትገባው። ባለቤቴ አናጢ አስጠርታ ለመጸዳጃው መሃሉ ክፍት የሆነ ከፍ ያለ ወንበር አሠራች። ልጆቹ «የአባዬ ዙፋን» አሉት።

ቡናው ላይ ያለው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ታላላቆች በርጩማ ላይ ዝቅ ብለው ሲቀመጡ አንተ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ጉብ ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። አቦሉ ቀርቦ እናቴ ታች፣ አጎቴ ታች፣ እኔ ላይ። ሲኒውን ለመቀበል እንኳን ጎንበስ ማለት ስለማልችል እናቴ ተነስታ ታቀብለኛለች። ላቤ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሽማግሌዎቹ ሰሌን ላይ ተቀምጠው እኔ ወንበር ሳስመጣ፣ አንዱ አባት ቀና ብለው አይተውኝ «ንጉሥ ሚካኤል እንኳን አይጠየፍ አዳራሽ ከሕዝቡ ጋር ነበር ግብር የሚበሉት» አሉ። ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ፤ ለቀስተኛው ሳይቀር። ከዚያ በኋላ ወንበሬን ማንም ልብ አላለውም።

ሶላትም በወንበር ሆነ። መስጊድ ሶፉ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እሰግዳለሁ። አጠገቤ ያሉት ግንባራቸውን መሬት ሲያስነኩ እኔ አንገቴን ብቻ ደፋ አደርጋለሁ። ሸሪዓው ለታመመ እንደፈቀደ አውቃለሁ። ማወቅ ግን ሌላ፣ ሱጁድ ሌላ።

ጠያቂ አልጠፋም። ቤታችን ሙስሊም ክርስቲያኑ እየተፈራረቀ ከረመ። አንዷ ድፎ ይዛ ትመጣለች፣ አንዱ ዱአ አድርጎ ይሄዳል። የቅልጥም ሾርባ ጠጥቼ ጠጥቼ ሽታው ሲመጣ የምደበቅበት አጣሁ። አጎቴም ወጌሻውን ይዞ መጣ፤ «ብረቱ ቦታውን እንዲይዝ ትንሽ ይታሽ» አለ። በዚህ ቀልድ የለም አልኩት። ወጌሻው ራሱ ነገሩ ገብቶት «ብረት አላውቅም» ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ አከብረዋለሁ።

ክራንቹን ከጣልኩ በኋላ የገረመኝ ማነከሴ አለመተዉ ነው። ሕመሙ የለም፣ ማነከሱ አለ። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባዬ ሆና ስራመድ ጥላዬን ከፊቴ አየዋለሁ። ቀኝ እግሬ መሬት ሲረግጥ የጥላዬ ግራ ወገብ ዝቅ ይላል፣ ትከሻዬም ወደ ቀኝ ይጋደማል። ፊዚዮቴራፒ የሚሠራልኝ ልጅ አስረዳኝ። ወገብን አስተካክሎ የሚይዘው በመቀመጫ ጎን ያለው ጡንቻ ነው። ሲያመኝ በከረመባቸው ዓመታት ያ ጡንቻ ሰንፏል። ብረቱ አዲስ ነው፤ ሥጋው የድሮው ነው። «አብሽር ጋሼ፣ ይመጣል፤ ግን በሥራ ነው» አለኝ።

ሥራው ደግሞ አሰልቺ ነው። በግራ ጎንህ ተኝተህ የቀኝ እግርህን ቀስ ብለህ ማንሳት፣ መያዝ፣ ቀስ ብለህ ማውረድ። ግድግዳ ይዘህ በአንድ እግር መቆም። ሰው ኳስ ሲመታ አይቶ ያጨበጭባል፤ ምንጣፍ ላይ እግሩን ለሚያነሳ ማንም አያጨበጭብም። ትንሿ ልጄ ግን አጠገቤ ተኝታ አብራኝ ትሠራ ነበር፤ ቶሎ ስጨርስ ትነጅሰኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ሕመሙ ጨርሶ ጠፋ። ካልሲዬን ራሴ አጠለቅኩ። የጦሳን ተራራ ቀና ብዬ ሳየው ልቤ ወጣ። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ከቆቡ ሥር ያለው አጥንት ተሞርዷል፣ ተነካክቷል፤ ራሱን እስኪጠግን ጊዜ ይፈልጋል። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከሚፈሩት ነገሮች አንዱ የአጥንቱ አንገት መሰበር ነው። የሚሰበረውም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ሰውየው «ድኛለሁ» ብሎ በሚያስብበት ሰዓት። አጥንቱ ከተሰበረ ቆቡ ዋጋ የለውም፤ ሙሉ ቅየራ ነው። ስለዚህ ሐኪሜ ቁርጥ አድርጎ ነገረኝ። ከ6 ወር በፊት ሩጫ የለም። ከ1 ዓመት በፊት ዝላይና ንክኪ ያለበት ጨዋታ የለም።

ድሮ መቼ ማቆም እንዳለብኝ የሚነግረኝ ሕመሙ ነበር። ክፉ ቢሆንም አይዋሽም። አሁን ዝም ብሏል። እግሬ «እንሂድ» ይላል፣ ልቤ «እንሂድ» ይላል፣ «ቁጭ በል» የሚለኝ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደር ብቻ ነው። ወረቀት መታዘዝ እንዴት እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል።

ለእግር ጉዞም ቢሆን ደሴ አትመችም። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከደጅህ ስትወጣ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ሰው ዳገቱን ይፈራል፤ እኔ ግን ይበልጥ የምፈራው ቁልቁለቱን ነው፣ በየእርምጃው ክብደትህ ዳሌህ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሲመቸኝ በሚኒባስ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እሄዳለሁ። እዚያ ሜዳ አለ፣ አየሩም ሞቅ ይላል። በእግር ለመሄድ በመኪና መሄድ የሞኝ ሥራ ይመስላል፤ ረዳቱም «የት ነው የሚሠሩት?» ብሎ ሲጠይቀኝ «መራመድ» አልኩት።

የቡድናችን ልጆች ግን አንዲ መሬይን ይጠቅሱብኛል። ስኮትላንዳዊው ቴኒስ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ይህንኑ ተሠርቶ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት አንትወርፕ ላይ ዋንጫ በላ። እውነት ነው። ግን እሱ መጀመሪያ የተመለሰው በጥንድ ጨዋታ ነው፤ ሰኔ ላይ ለንደን ውስጥ ከስፔናዊው ሎፔዝ ጋር። ሜዳው ግማሹ የሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ኑሮውም ስፖርት ነበር፣ ጠዋት ማታ የሚከታተለው ባለሙያ ነበረው። ከሁሉ በላይ ቴኒስ ላይ መሃል መረብ አለ፤ ማንም መጥቶ አይገጭህም። እኛ ዘንድ ተከላካዩ 50 አልፎታል፤ ሐሳቡ ቀድሞ ይደርሳል፣ እግሩ ዘግይቶ። የወጣት ግጭት ይሻላል።

ሩጫ ስጀምር ሚያዝያ ነበር፤ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ አካባቢ። ራሱ ሐኪሙ ራጁን በቴሌግራም አይቶ ፈቅዶልኝ ነው። ትንሽ ሮጦ፣ ብዙ መራመድ፣ እንደገና ትንሽ መሮጥ። ትንፋሼ የሚያልቅ መስሎኝ ፈርቼ ነበር፤ ያስቸገረኝ ግን ጆሮዬ ነው። የእግሬ ድምፅ አንድ አይደለም። ግራው ጠብ፣ ቀኙ ዱብ ይላል። ቀኙን ፈርቼ በሙሉ እግሬ ነበር የምጥለው። ከዚያ በኋላ ሰዓት ማየት ትቼ ድምፅ መስማት ጀመርኩ። ሁለቱ ድምፆች እየተቀራረቡ ሲመጡ ጥላዬም ቀጥ አለ። ሱጁድ ግን ከሩጫው በፊት ነው የተመለሰልኝ። የዚያን ቀን ከመሬት ቶሎ ቀና ስላላልኩ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ የታመምኩ መስሎት ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

አሁን ዓመቱ እየደረሰ ነው። ለቁጥጥር ራጅ እነሳለሁ፤ በደሜ ውስጥ ያለውን የኮባልትና የክሮሚየም መጠንም አስለካለሁ። ሁሉም ደህና ከሆነ ቅዳሜ ሆጤ እገባለሁ፣ ኢንሻአላህ። ሙሉ ጨዋታ አይደለም፤ ክንፍ ላይ፣ ግጭት በሌለበት፣ ትንሽ ደቂቃ። ባለቤቴ አልተስማማችም፤ «ጨዋታው ጠፍቶ ነው? ሩጫው አይበቃህም?» ትላለች። መልስ አጥቼ ሳይሆን፣ መልሱ ስለሚያጣላን ዝም እላለሁ። ሩጫ ለብቻ ነው። እኔ የናፈቀኝ ሰው ነው፤ ስድቡ ጭምር።

አምበላችን ጉዳዩን ሰምቶ ባለፈው አዲስ ሕግ አወጣ። ተንሸራቶ የገባ የሁሉንም ቡና ይከፍላል። በረኛው ወዲያው እጁን አወጣ። «ሕጉ ብረት የገባለትንም ይመለከታል?» ይመለከታል ተብሏል።