መረሬውና የአገዳው አመድ

ዛሬ ጠዋት ላብራቶሪ ስገባ መጀመሪያ የሄድኩት ትናንት ውሃ ውስጥ ትቼው ወደ ሄድኩት አፈር ነው። ከአዲስ አበባው ለቡ ያመጣነው መረሬ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር። 10 ሚሊ ሊትር ደረቅ አፈር ነበር የጨመርኩት፤ በ24 ሰዓት ከእጥፍ በላይ አብጦ ጠበቀኝ። አጠገቡ ያለው፣ ኖራና የባጋስ አመድ የተቀላቀለበት፣ ብዙም ፈቀቅ አላለም።

ሁለቱን እያየሁ መረሬ ላይ የተሠራው የእናቴ ቤት ትዝ አለኝ። የሳሎኑ ስንጥቅ በበጋ ጣት ያስገባል፣ ክረምት ሲገባ ይጠባል። በየዓመቱ እናስለስነዋለን፣ በየዓመቱ ይመለሳል።

ባጋስ አገዳው ተጨምቆ የሚቀረው ገለባ ነው። ስኳር ፋብሪካዎች ለቦይለር ማገዶ ያደርጉታል፤ አመዱ በብዛት ይጣላል። ያ አመድ በሲሊካ (አሸዋ ውስጥ በብዛት ባለው ማዕድን) የበለጸገ ነው። ብቻውን ግን ብዙ አይሠራም (ይህን ደጋግሜ የምናገረው አመድ ብቻ በትኖ የሚያዝን ሰው እንዳይኖር ነው)፤ ኖራ ይፈልጋል። የኖራው ካልሲየም መጀመሪያ የጭቃውን የውሃ ጥማት ይቀንሳል፤ ከዚያ ከሲሊካው ጋር ተዋህዶ በሳምንታት ውስጥ እንደ ሲሚንቶ አፈሩን ያያይዘዋል።

እኛ የለመድነው ግን መረሬውን ዝቆ መጣልና ሰሌክት ማቴሪያል (በቦታው የሚተካ የተመረጠ አፈር) ከሩቅ በገልባጭ ማመላለስ ነው። ለአንድ መንገድ ስንት ኮረብታ ተቆርሶ አለቀ! ይሄ ያንገበግበኛል።

ነገ ናሙናዎቹን ሞልድ ውስጥ ጠቅጥቄ 7 ቀን አቆያቸዋለሁ፣ ከዚያ ለሲቢአር (የአፈሩ ጭነት የመሸከም አቅም ለሚለካበት ፈተና) 4 ቀን ውሃ ውስጥ ይነከራሉ። ውጤቱን ባየሁ ቀን መጀመሪያ የምደውለው ለእናቴ ነው።